ሁለት ሆና የምትመጣው

ሙሉ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። አዛለች በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ነው የሞተችው። ዓይኗን ማንም አልከደነላትም። የሚገባው ሰው ሁሉ፣ እሷ የምታየው ነገር ከኋላው የቆመ ይመስል፣ ዞር እያለ ይመለከት ነበር።

ክፍሏ ሪያድ ከተማ፣ ጉበይራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሶፋ መሥሪያ በላይ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ናት። መስኮቱ ላይ የተሰካው ሙከይፍ እያጓራ ቀዝቃዛ አየር ይተፋል፤ የሟቿ ትራስ ግን በላብ እንደራሰ ነው። ከአልጋው ሥር ያስመለሰችበት ሳህን አለ። ከራስጌዋ፣ በተገለበጠ ካርቶን ላይ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ደርቀው የተጨማደዱ ቴምሮች ተቀምጠዋል። ሙሉ የጓደኛዋን ዓይን በመዳፏ ከደነች። ከዚያ እንደ ድሮ ልማዷ፣ አንድም ነገር ሳትነካ፣ ቆማ ሁሉንም አየች።

ሙሉ የወሎ ሰው ናት። ደሴ ፖሊስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የወንጀል መርማሪ ነበረች። ሪያድ ውስጥ ደግሞ እንጀራዋ የሰርግ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ የሴት እንግዶችን ቦርሳ መፈተሽና ካሜራ ያለውን ስልክ መሰብሰብ ነው። ስልክ የደበቀችን ሴት ቦርሳዋን ሳትከፍት፣ ከአረማመዷ ትለያለች ይሏታል። አዛለች እዚያው አዳራሽ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም፣ አንዷ ከመንዝ፣ አንዷ ከኮምቦልቻ፤ ግን የሥራ ባልደረቦቻቸው እህትማማች ይመስሏቸው ነበር።

የአዛለች በሽታ ስሙ ለብዙዎች አፍ አልመች ያለ፣ ብዙ ሐኪሞችም በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ዓይነት ነበር። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚሸፍነው ቆዳ ያለምንም ምክንያት ተቆጥቶ ይወፍራል፤ ሲወፍርም ወደ ዓይን፣ ወደ ጆሮና ወደ ፊት የሚሄዱትን ነርቮች ያንቃል። መጀመሪያ ራሷን እንደ ምሳር ይፈልጣት ጀመር። ከዚያ ቀኝ ጆሮዋ ደነቆረ። ቀጥሎ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያት ጀመር፤ «እግዜር ባሌን እጥፍ አድርጎ ሰጠኝ» እያለች ትስቅ ነበር። በመጨረሻ ሹመይሲ ካለ ሆስፒታል ትንንሽ ነጭ ክኒን ተሰጣት፤ ብዙም ሳይቆይ ተነሣች። ፊቷ እንደ ድፎ ተነፋ እንጂ ራስ ምታቱ ለቀቃት፣ ዓይኗም ጠራ። በድጋሚ ወድቃ ከአልጋ የዋለችው በቅርቡ ነው።

በዚያው ሰሞን ለሙሉ ስልክ ደውላ ነበር።

«ሙልዬ፣ ንጋት ላይ አንዲት ሴት አልጋዬ አጠገብ ትቆማለች» አለቻት። «ነጭ ለብሳለች። ደረቷ ላይ ብርሃን አላት። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የላትም።»

ሌላ ቀን ስትደውል ድምፅዋ ኮስምኖ ነበር። «አሁንማ ሁለት ሆነዋል። ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱን ዓይኔን በእጄ ስሸፍን አንደኛዋ ትጠፋለች» አለች።

ከእነሱ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ሞታ እንደነበር ሰፈሩ ያወራል። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ነገሩን አመነ። ሙሉ ግን የሰማችውን በልቧ አስቀመጠችው። ወቅቱ የሰርግ ወቅት ነበርና በእግሯ ሄዳ ሳታያት መርዶው ቀደማት።

ፖሊሶችና የአምቡላንስ ሰዎች መጡ። የሆስፒታሉን ወረቀት አገላብጠው አዩ፤ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ማደሩን፣ ሟቿም ለረጅም ጊዜ የታመመች መሆኗን ሰሙና ሕመም ነው ብለው አስከሬኑን ይዘው ሄዱ። እነሱ ቤቱ ውስጥ ሳሉ፣ ቤቱን የተከራዩት እማማ እናናዬ ጣሪያው ላይ ከውሃ ታንከሮቹ ጀርባ ተደብቀው ነበር። ኢቃማቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ከተቃጠለ ቆይቷል።

ሲወርዱ ግን ከፖሊስ የባሰ ነገር ጠበቃቸው። የአዛለች ባል ዓባይነህ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ዓይናቸውን ሽሽት ወደ ግድግዳ እያየ፣ ቡዳ ናት፣ ሚስቴን የበላቻት እሷ ናት፣ ለጀዋዛት ፖሊስ ጠቁሜ ከዚህ አገር አስጠርጋታለሁ አለ። ዓባይነህ ከከተማ ውጭ ያለ ኢስቲራሃ፣ የመዝናኛ ግቢ፣ ጠባቂ ነው፤ ቤቱን የሚያየው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር። ሲናገር እንኳ የማይሰማ ዝምተኛ ሰው ስለነበረ፣ ንግግሩ ሁሉንም አስደነገጠ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሙሉ ዓባይነህን ወደ ደረጃው ይዛው ወጣች።

«ቡዳ ናት ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«ሁሉም አፍ የለውም፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው አፍ የማን ነው?»

«ዓርብ ዓርብ የሚያስተምረን መምህር ፍቅረማርያም ነው ያለኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ስልክ ደውሎ ሲያረዳኝ።»

እስከ ዓርብ ለማንም ምንም እንዳይል አስማለችው። የመድኃኒቱን ብልቃጥም በእሱ ፈቃድ ወሰደች። ታክሲ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን አንዷን ፍሬ አውጥታ ምላሷ ላይ አደረገች። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት፤ አልሰማችውም።

በማግስቱ ከሰዓት እማማ እናናዬ ዘንድ ተመለሰች። አሮጊቷ ልብሳቸውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው፣ ማን መጥቶ እንደሚወስዳቸው እየጠበቁ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ታሞ በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያም ላይ ስኳር አለባቸው። ሻይ ቀዱላት። ለራሳቸው ከትንሽ ሣጥን ጠቅ ሲያደርጓት ነጭ ፍሬ የምትጥለውን ማጣፈጫ ጨመሩ።

«ይቺም አልበረክት አለችኝ» አሉ ሣጥኗን ወዝወዝ አድርገው። «ያስገዛኋት በቅርብ ነበር።»

«እማማ፣ ይጸልዩላት ነበር?»

«እንዴታ። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ፤ እየሰማችኝ።»

«ከመጽሐፍ ነው?»

«እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ ልጄ። አባታችን ሆይንና አንዳንድ የማውቀውን ነው። ስልኬም ያው ይቺ ናት» ብለው ቁልፎቿ የተፋቁ አሮጌ ስልክ ከትራሳቸው ሥር አሳዩዋት።

ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቃቸው አሮጊቷ ፊታቸው ተለወጠ። አዛለች ክኒኑ መራራ ነው እያለች ሁልጊዜ ከዋጠች በኋላ ቴምር ታስከትል ነበር። በቅርቡ ግን ቴምር ይቅርብኝ አለች፤ መድኃኒቱ ራሱ ጣፈጠኝ፣ ምላሴም እንደ ዓይኔ ተበላሸ መሰለኝ አለች። እማማ እናናዬ ያንን ሲሰሙ የሞት ምልክት ነው ብለው ሌሊቱን እንዳለቀሱ ተናገሩ።

«መድኃኒት መዋጧን ይቃወሙ ነበር?»

«እኔ? ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ሆነና። የተቃወመውን ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው ሊድያ ናት። የአዛለች የሀገር ልጅ ናት፤ አዛለች ናት ደላላ ሳትጠራ አምጥታ፣ የውበት ሳሎን ሥራ ያስገባቻት። ሙሉ ሳሎኑ በር ላይ ጠብቃት አብረው በእግር ሄዱ። የልጅቱ ጣቶች የፀጉር ቀለም ጠልቋቸዋል፤ ዓይኗ ሥር ከለቅሶም ያለፈ፣ እንቅልፍ የማጣት ጥቁረት አለ። ምን እንዳየች፣ ምን እንደሰማች ስትጠየቅ ሁሉንም በአጭሩ መለሰች። ስለ ነጭ ለባሿ ሴት ስትጠየቅ ግን እርምጃዋን አፈጠነች።

«አዛለች ስትጠይቃችሁ ምን ትሏት ነበር?» አለች ሙሉ።

«አይዞሽ ሕልም ነው፣ እላት ነበር።»

«ታምኝ ነበር?»

ሊድያ ቆመች። መኪናዎቹ እያጓሩ በአጠገባቸው ያልፋሉ። «ሙልዬ፣ ሰው ሊድን ሲል መጀመሪያ ይብስበታል፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«እንዲሁ ይባላል» አለችና መራመድ ጀመረች። ሙሉም አልገፋቻትም። ቦርሳቸው ውስጥ ስልክ የደበቁትን ሴቶች ወደ ጎን ገለል አድርጋ ራሳቸው እስኪያወጡት ትጠብቃቸዋለች እንጂ ቦርሳቸውን አትነጥቃቸውም።

ፍቅረማርያም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው። አረብኛው እንደ አገሬው ነው፤ ስለዚህ የታመመ ሐበሻ ሁሉ ወደ ሐኪም ሲሄድ ያስተረጉምለታል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሰው ቤት እየተገኘ ያስተምራል፣ ውሃ ይባርካል፤ ድውይ ፈወሰ የሚሉትም ብዙ ናቸው። ሙሉ ጀራዲያ ሰፈር ውስጥ አውቶቡሱን ሲያጥብ አገኘችው። ትሕትና ያለው፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። አዛለችን በገዛ እጁ ሆስፒታል እንደወሰዳት፣ በጸሎትም አንድ ጊዜ አስነሥቷት እንደነበር ነገራት።

«ሐኪሟ ስለ ክኒኑ ምን አለች?»

«ጠዋት ከምግብ በኋላ ይዋጥ፣ ኸላስ።»

«ሌላ ነገርስ?»

«ሌላ የለም፣ እህቴ። ሐኪም ብዙ አይናገርም። ክኒኑም ቢሆን ፊቷን ከማሳበጥ በቀር ያደረገላት ነገር የለም። የዳነችው በሌላ ነው፤ መልሳ የወደቀችው ደግሞ በሰው ዓይን። ማን እንደሆነች እዚያው ቤት ያሉት ያውቃሉ።»

ሙሉ አመስግናው ሄደች። ከዚያ በቀጥታ ያመራችው ወደ ሹመይሲ ነው።

አዛለችን ስታክም የነበረችው ሐኪም ሱዳናዊት ናት። የሞቷን ነገር ስትሰማ ከወንበሯ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሥራ ዘመኗ በጣት የሚቆጠሩ እንደሆኑ፣ አዛለች ግን ከሁሉም ይልቅ በመድኃኒቱ እንደታደሰች ተናገረች። ሙሉ ክኒኑ በድንገት ቢቆም ምን እንደሚሆን ጠየቀቻት።

«ትሞታለች» አለች ሐኪሟ። «ይህንን ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው፣ ሰውነቱ ራሱ ማምረት ያለበትን ነገር ማምረት ይተዋል። ብታቆም ታስመልሳለች፣ ያልባታል፣ መቆም ያቅታታል፣ የደም ግፊቷ ይወርዳል። በጊዜ ብትመጣ በአንድ መርፌ እናነሣት ነበር። ደግሞም ነግሬያቸዋለሁ። ለአስተርጓሚው ሰውዬ ደጋግሜ ነገርኩት።»

«ገብቶት ነበር?»

«በደንብ። አንድ ጥያቄም ጠየቀኝ፤ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ‹ብታቆም በስንት ቀን ነው የሚጎዳት?› አለኝ። እኔም ለአንድ ቀንም ቢሆን እንዳትሞክሩት አልኩት።»

ሙሉ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የጓደኛዋ አስከሬን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከአንዱ ሕንፃ ሥር፣ በብርድ ተዘግቶበታል። ስለ ነጭ ለባሿ ሴት ስትነግራት የነበረው የተንቀጠቀጠ ድምፅ በጆሮዋ ይመጣባት ጀመር። አሁን የፈራችው ነገሩን አለማወቋን አልነበረም፤ ማወቋን ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጉበይራ፣ የሟቿ ቤት ተሰበሰቡ። ዓባይነህ በር አጠገብ ተቀመጠ። እማማ እናናዬ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ፌስታሎቻቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገዋል። ሊድያ ምንጣፉ ላይ ናት። ፍቅረማርያም ጸሎት እንዲያደርስ የተጠራ መስሎት መስቀሉን በኪሱ ይዞ መጥቷል።

ሙሉ ስኳር የሌለው ሻይ በብርጭቆ ቀዳች። ከአዛለች ብልቃጥ ሁለት ፍሬ አውጥታ ጣለችበት፤ ፍሬዎቹ ወዲያው ሟሙ። ብርጭቆውን ለዓባይነህ አቀበለችው።

«ቅመሰው።»

ቀመሰ። ግራ ተጋብቶ አያት። «ስኳር ነው።»

«እማማ እናናዬ ሻይ ውስጥ የሚጨምሯት ማጣፈጫ ናት። ሚስትህ በመጨረሻዎቹ ቀናት መድኃኒት ብላ ስትውጥ የነበረው እሱን ነው። ምላሷ አልተበላሸም ነበር፤ እውነቱን ነው የነገራት።»

ዓባይነህ ቀስ ብሎ ወደ አሮጊቷ ዞረ። ሙሉ እጇን አነሣች።

«ቆይ። የራሷን ማጣፈጫ ወስዳ ሰው የገደለች ሴት፣ ማጣፈጫዬ አልበረክት አለ ብላ ለመርማሪ አታማርርም። እሳቸው ሲያልቅባቸው የት እንደሚሄድ አያውቁም ነበር። አሁን ደግሞ ስለዚያች ነጭ ለባሽ እንነጋገር።»

ከታች የሶፋ ሠሪዎቹ መዶሻ ለዓርብ ቆሟል።

«አዛለች የምታየው መንፈስ ነው አላችሁ» ብላ ቀጠለች ሙሉ። «ግን አንዱን ዓይኗን ስትሸፍን አንደኛዋ ትጠፋ ነበር። በጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር፣ ሕልምም ሆነ ቅዠት፣ ዓይን በመሸፈን አይጎድልም። የሚጎድለው በሽታው ሁለት አድርጎ የሚያሳየው፣ ከፊቷ በእውነት የቆመ ነገር ነው። ስለዚህ ነጭ ለባሿ ሥጋና ደም ያላት አንድ ሰው ናት። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ የዚህ ቤት ሰው ናት። መጀመሪያ አንዲት ነበረች፤ በኋላ ሁለት የሆነችው መድኃኒቱ ወደ ሆዷ መግባቱ ስለቀረ፣ በሽታው ወደ ዓይኗ ስለተመለሰ ነው።»

«ድምፅስ የላትም ያለችው?» አለ ዓባይነህ።

«በግራ ጎኗ ነበር የምትተኛው፤ የሚሰማው ጆሮዋ ትራሱ ውስጥ ነው። ወደ ላይ የቀረው የደነቆረው ነው። ሴትዮዋ ድምፅ ነበራት፤ በሹክሹክታ ትጸልይ ነበር። ደረቷ ላይ ያለው ብርሃን ጸሎቱን የምታነብበት ስልክ ነው። እማማ እናናዬ ማንበብ አይችሉም፣ ስልካቸውም መጽሐፍ አይከፍትም። አንተ ደግሞ በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ የለህም።»

የቀረችውን ሰው ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሊድያ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ስትመለስ ጥለቱ የተቋጠረ ነጠላዋን በእጇ ይዛ ነበር። ቋጠሮውን ፈታችው። ትንንሾቹ ነጭ ክኒኖች መዳፏ ላይ ተከመሩ።

«መጣል ፈራሁ» አለች። «የሷ ናቸውና መጣል ፈራሁ።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። መምህር ጸበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም አሏት። ክኒኑ መንፈሱን እያስታመመ ነው፤ ሳታውቅ ለጥቂት ቀን ብትተው ሙሉ በሙሉ ትድናለች፤ ለሰው ከተናገርሽው ግን ጸሎቱ ይፈርሳል አሏት። እሷም ክኒኑን በእማማ እናናዬ ማጣፈጫ ቀየረችው። ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ነጠላዋን ለብሳ አዛለች አልጋ አጠገብ ቆማ ውዳሴ ማርያም ታደርስላት ነበር። አዛለች ስትነቃ ትሸሻለች። ስለ ነጭ ለባሿ በፍርሃት ስታወራ እየሰማች፣ እኔ ነኝ ለማለት አፏ ድረስ መጥቶ ይመለስባት ነበር።

«የመጨረሻው ቀን ማስመለስ ጀመረች፣ መቆም አቃታት» አለች። «ለመምህር ደወልኩ። በመኪናዎ እንውሰዳት አልኳቸው። ‹እየለቀቃት ነው፣ አትንኪያት፣ ጠብቂ› አሉኝ። ጠበቅኩ።» ክኒኖቹን መልሳ ቋጠረች። «ማቆሙ እንደሚገድል አላውቅም ነበር።»

«አታውቂም ነበር» አለች ሙሉ። «እማማ እናናዬም አያውቁም፤ ባሏም አያውቅም፤ ራሷ አዛለችም አታውቅም ነበር። በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ፍቅረማርያም ዞረች። «ሐኪሟን አግኝቻታለሁ። ደጋግማ ነግራሃለች። ቃሉ በጆሮህ ገባ፣ በአፍህ አልወጣም። ይልቁንም በስንት ቀን እንደሚጎዳት ጠየቅካት። እኔን ግን ሌላ የለም አልከኝ።»

ፍቅረማርያም ፊቱ አልተለወጠም። ሐኪም ለጥንቃቄ ብዙ እንደሚናገር፣ ያን ሁሉ ማስተርጎም በሽተኛን ማስፈራራት እንደሆነ አስረዳ።

«አዛለች ስትነሣ እኔ ፈወስኳት ብለህ በየቤቱ አወራህ» አለች ሙሉ። «እሷ ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ ያዳነኝ ክኒኑ ነው ትል ነበር። የሚያከብርህ ሰው ፊት እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔም ሰምቻታለሁ። ያለ ክኒኑ ቆማ እንድትታይ ፈለግህ። መድኃኒቱ በድብቅ ቀርቶ ብትድን፣ ያን ጊዜ ምስጢሩን ገልጠህ ሰው ሁሉ ይሰግድልህ ነበር። ስትወድቅ ግን ሆስፒታል ብትወስዳት ሐኪሟ ‹ምን አደረጋችኋት› ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ጠብቂ አልካት። ስትሞት ደግሞ ቡዳ የሚል ስም ለአሮጊቷ ሰጠህ፤ ኢቃማ የሌላቸው ናቸውና ለራሳቸው አይከራከሩም። ከባሏ ሰምቻለሁ፤ ወሬውን የጀመርከው አንተ ነህ።»

«ሊገድላት የፈለገ የለም» አለ ፍቅረማርያም፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «እምነቷ ነው የጎደለው።»

እማማ እናናዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዓባይነህ ከተቀመጠበት ተነሣ። ሁሉም ይመታዋል ብለው ነበር፤ እሱ ግን በሩን ከፍቶ ቆመ።

«አብረን እንሂድ» አለው። «ወደ ሹርጣ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ። እዚያ የሚያስተረጉምልህ አያስፈልግም፤ በሚያምረው አረብኛህ ትነግራቸዋለህ።»

ሙሉም አብራቸው ሄደች። ከመውጣቷ በፊት ግን እማማ እናናዬን ፌስታሎቻቸውን አስይዛ ጀራዲያ ወዳለችው የራሷ ክፍል በታክሲ ሰደደቻቸው። ፖሊስ ወደዚያ ቤት መመለሱ አይቀርም ነበር። አሮጊቷ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ምንጣፉ ላይ ወደቀረችው ሊድያ ተመልሰው፣ እየተነፈሱ፣ በታመመ ጉልበታቸው ዝቅ ብለው አቀፏት። ልጅቱ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ነገሩ ብዙ ወራት ፈጀ። ሐኪሟ ቀርባ ቃሏን ሰጠች። ፍቅረማርያም እስር ቤት ገባ። ፈወሰኝ ብለው ይምሉለት ከነበሩት አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ድረስ የተበደለ ጻድቅ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ በየቤታቸው የተዉትን ክኒን አቧራውን ጠርገው ወደ ሐኪም ተመለሱ። ሊድያ ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። ታስራም ቆየች፤ በመጨረሻ ወደ አገሯ እንድትመለስ ተፈረደባት።

አስከሬኑ የተለቀቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ለዓባይነህ አሠሪው አስከሬኑን አጅቦ እንዲሄድ ፈቃድ ሊሰጠው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሱ ግን አልሄድም አለ። ሙሉን ከአገር የሚባረሩት በሚቆዩበት በተርሂል እስር ቤት በር አገኛትና ሊድያ አስከሬኑን ይዛ ትሂድ አላት።

«ለአዛለች እናት እኔ በስልክ ልነግራቸው አልችልም» አለ። «ሌላ ሰውም እንዲነግራቸው አልፈልግም። ያየችው እሷ ናት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትንገራቸው።»

«ይህ ቅጣት ነው ወይስ ምሕረት?» አለችው ሙሉ።

«እኔም አላውቀውም።»

ስለዚህ ሊድያና የአዛለች ሬሳ ሣጥን በአንድ አውሮፕላን ሄዱ። ከቀብሩ በኋላ ልጅቷ ከመንዝ ደውላ እንዴት እንደሆነ ለሙሉ ነገረቻት። ለቀስተኛው ሲበተን እናቲቱ ፊት ተንበርክካ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ መጨረሻው ቀን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ቤቱ ጨለምለም ብሎ ስለነበር የእናቲቱን ፊት ማየት አልቻለችም። ስትጨርስ እርግማኑን ጠበቀች።

እናቲቱ መደቡ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።